ሸምበቆ የሳቀበት ምት

ጥቅምት 4
ዛሬም ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ ነቃ። የልጅ ልጄ ከጎን ክፍል ዱም ዱሟን ለቃዋለች።
«አንቺ ቁንጫ፣ ግድግዳው ምን በደለሽ?»
«የአዲሱ ዘፈኔ ምት ነው አባባ። ካልጣመህ ጥጥ ወትፍ።»
የማን ዘር ናት... እኛንም ዲስኮ ስንጫወት እንዲሁ ነበር የሚሉን። ጩኸት።

ጥቅምት 6
ሸምበቆን ልጠይቅ ሆስፒታል ሄድኩ። በድሮው ባንዳችን እሱ ቤዝ ጊታር፣ እኔ ድራም ነበርን። በካንሰር ምክንያት ማንቁርቱ ተቆርጦ ከወጣ ወዲህ ድምፅ የለውም። አሁን ደግሞ ምግብ እምቢ ብሏል።
«ጎረምሳው፣ ለማን ልታምር ነው የምትከሳው?» አልኩት።
አልሳቀም... በምኑ ይሳቅ?
ሚስቱ ኮሪደር ላይ ያዘችኝ። «ድምፁ ከጆሮዬ እየጠፋብኝ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን አብሬው ኖሬ አንድ ቀን አልቀረጽኩትም።»
በዘፈኖቻችንም ድምፁ የለ፤ ቤዝ ተጫዋች አይዘፍንም። ማንቁርቱ ከመቆረጡ በፊት ራሱ ብሎኝ ነበር፦ «ከእኛ እኮ ምንም አልተረፈም።»

ጥቅምት 9
ቁንጫ ዘፈኗን ስትደጋግመው በሯ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ከአራተኛው ምት በፊት... «እህ»። የታፈነ ሳቅ።
«ይሄ ከየት መጣ?»
«ከድሮ ሸክላ የተቆረጠ ነው። ያሁኑ ዘፈን ግማሹ በዚህ ምት የተሠራ ነው። የማን እንደሆነ እንጃ።»
የማን ይሆናል? ያን ቀን አቀናባሪያችን ምቴን በቴፕ ሊቀዳ «ማንም እንዳይተነፍስ» አለ። እኔ አርፌ ልቀመጥ? ወደ ሸምበቆ ዞሬ ከንፈሬን እንደ ግመል ጣልኩ። ሳቁ አመለጠው። አቀናባሪው ፀጉሩን ነጨ፤ ቴፑ ግን አልቋል። ከነሳቁ ቆርጦ፣ ምቱ እንዲደጋገም ጫፍና ጫፉን እንደ ቀለበት ለጥፎ አዞረው፤ ሸክላችን ላይም እንዲሁ ወጣ።
«ጥጥ ወትፍ ያልሽኝ ለገዛ ድራሜ ነው» አልኳት። ዘፈኑን ስልኬ ላይ ጫነችልኝ።

ጥቅምት 10
ለሸምበቆ ይዤለት ሄድኩ። ጆሮው ላይ አደረግኩለት። ጣቱ አንሶላው ላይ ቤዙን ፈለገ... አገኘው። ከዚያ ሳቁ መጣ። ጣቱ ቆመ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።
ደስ ይለዋል ብዬ... ሸብቼ ያልበሰልኩ። የተወሰደበትን ነገር አምጥቼ አሳየሁት።

ጥቅምት 13
ሸምበቆ አረፈ።

ኅዳር 2
ሚስቱ መጣች። ሳቁ ብቻ ተነጥሎ እንዲወጣላት ነው። ቁንጫ ስትታገል ዋለች።
«ድራሙ አልላቀቅ አለ እማማ። አብረው ነው የሚመጡት።»
«ይምጡ» አለች። «ሁለቱም ቤቴ ሲመጡ እንዲያ ነበሩ።»
ተቀምጣ ሰማች። አላለቀሰችም። እኔ ነኝ የወጣሁት።

ታኅሣሥ 15
የቁንጫ ዘፈን ወጣ። ታች ያለው ልብስ ቤት በር ላይ ለቀውት ወጣቶች ይጨፍራሉ። ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ እህ። በከዘራዬ ወለሉን አልደበደብኩም። መስኮቱን ከፈትኩላቸው።
መስታወት ፊት ቆሜ ያንን የግመል ከንፈር ሞከርኩ። እምቢ አለኝ። ደግሜ ሞከርኩ...
እሱ ግን ታች አሁንም ይስቃል። ፊቴን ሳያይ።