የፈቲያ ገንፎና የአሪየት ዓሣ

ሰኔ 3፣ ጠዋት

ዛሬም ገንፎውን ተፋችው። ማስታወሻዬ፣ የምነግርሽ ወሬ ሁሉ ይኸው ሆነ። ልጄ ፈቲያ ወባው ከለቀቃት ወዲህ ቆማ መሄድ ትታለች። ጡት ጥላለች። ወተት እዚህ ጋምቤላ ሲገኝ ነው። ባለቤቴ ሰዒድ ከሱቁ ብስኩት ያመጣላታል፤ ትልሰውና ትጥለዋለች። ጎረቤቴ አሪየት በአጥር አይታ፣ ባዶ ገንፎ ለልጅ ምን ያደርጋል አለችኝ። ተቀየምኳት።

ሰኔ 5፣ ከሰዓት

አሪየት የደረቀ ቆሮሶ ዓሣ ወቅጣ፣ በወንፊት ነፍታ አመጣችልኝ። ሽታውን ተዪው። እኔ የወሎ ልጅ፣ ዓሣ ቤቴ ገብቶ አያውቅም። ሰዒድ ግን ዓሣ ማን አረደው አይባልም፣ ስጪያት አለ። ገንፎው ላይ በማንኪያ ጫፍ ነሰነስኩበት።

በላች። ሳህኑን በጣቷ ጠረገችው። እኔ ሳለቅስ አሪየት ትስቃለች። ቂሜን ትቻለሁ።

ሰኔ 12

ጤ/ጣቢያ ደርሰን መጣን። ነርሷ የዚሁ አገር ልጅ ናት፣ ክልል ከሆንን ወዲህ የተቀጠረች። ሚዛኑ ከፍ ማለቱን አይታ ምን እንደምመግባት ጠየቀችኝ። እያፈርኩ ነገርኳት። ደስ አላት። ገንቢ ምግብ ነው አለች፤ አጥንቱም አብሮ ሲወቀጥ ለልጅ አጥንት ይሆናል። ግን እሾህ እንዳይቀር ይነፋ፣ እርጥበት አይንካው፣ ከሻገተ ይጣል። መንገዱን ሙሉ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ መጣሁ።

ሰኔ 14

አሪየትን ሥራ ላይ ብታዪያት። ዓሣውን በጀርባው ትሰነጥቀዋለች። ሆድ ዕቃውን አውጥታ ታጥባለች፣ እንደገና ታጥባለች። ጨው ታሸዋለች። ከዚያ ቆጡ ላይ፣ ከሥሩ ጭስ። መሬት ላይ ማስጣት አትወድም፤ ለሰው ነው ለዶሮ ትላለች። ገበያ ላይ ዝንብ የወረረው፣ የጠቆረ ዓሣ አይቻለሁ። የሷ ሲሰበር ቀጭ ይላል። እኔ የልጄን ልብስ እንኳ እንዲህ አጥቤ አላውቅም።

በጋውን ሙሉ ያደረቀችው አንድ ጆንያ ሞልቷል። የዲማ ነጋዴ ለወርቅ ቆፋሪዎቹ ሊወስድላት ነው። ሦስት ልጆቿን ክረምቱን የምታሻግረው በሱ ነው። ጣሪያዋ ስለሚያፈስ፣ መኪናው እስኪመጣ እኛ ሱቅ ይቀመጥ አልናት። ሰዒድ ራሱ ተሸክሞ አመጣው።

ሰኔ 20፣ ከሰዓት

ምን ብዬ ልጀምር። ዛሬ የዲማው መኪና መጣ። አሪየት ጆንያውን ከፈተች። ዓሣው ላይ ነጭ ነገር። ሻጋታ መሰላት፣ አሸተተችው፣ እጇን ሰበሰበች። ሰዒድ ደስ ብሎት አስረዳት፤ ነቀዝ እንዳይበላብሽ ብዬ ነው አላት። ለዘር በቆሎው የምንነሰንሰውን መድኃኒት ነስንሶበታል። ለሷ ብሎ። የኔ ሞኝ። ዓሣውን እንደመረዘባት ሲገባው ፊቱ አመድ መሰለ።

ነጋዴው ታጥቦ ፀሐይ ቢነካው ማን ያውቃል አለ። እወስደዋለሁ አለ።

አሪየት ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «ሰው ይበላል ይሄ። ልጅ ይበላል።» ጆንያውን አሰረች።

ከጓሮ ሰዒድ ጉድጓድ ቆፈረ፣ ውሻ እንዳያወጣው ጥልቅ አድርጎ። እክስሻለሁ ይላታል፣ እሷ አፈር ትመልሳለች። የበጋ ልፋቷ ነው። እኔ ብሆን እጮህ ነበር፣ ሰፈር ይሰማ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው አጠገቤ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሲመሽ በአጥር አንድ ጣሳ አቀበለችኝ። ጆንያው እኛ ቤት ከመምጣቱ በፊት የወቀጠችው የዓሣ ዱቄት ነው፣ ንጹሕ። ለፈቲያ አለች። ተቀበልኩ። ልጅ ናትና ተቀበልኩ።

ሰኔ 22

ባሮ ሞልቶ ደፍርሷል። ውኃው እስኪጎድል ዓሣ የለም። ፈቲያ የአሪየትን አጥር ይዛ ቆመች። ሁለት እርምጃ ሄደች። ልጮህ ስል አየሁ፤ ማዶ የአሪየት ልጆች የሚበሉት ባዶ የበቆሎ ገንፎ ነው። ትንሿ የፈቲያ እኩያ ናት።

ለኔ የሰጠችኝ ጣሳ የመጨረሻዋ ነበር። ልመልስላት አሰብኩ፣ ግን እንደማትቀበለኝ አውቃለሁ።

ሰኔ 23፣ እሑድ ጠዋት

ትልቁን ድስት ጥጃለሁ። በቆሎውም ዘይቱም ከሱቁ። ከጣሳው ዱቄት ጨመርኩ፣ ለአንድ ልጅ ሳይሆን ለአራት። ከእንግዲህ እንዲሁ ነው። ጣሳው ቶሎ ያልቃል። የፈቲያም ድርሻ ያንሳል፤ እያወቅኩ ነው የማማስለው። ሰዒድን ስነግረው እንጨት ጨመረልኝ።

እነ አሪየት ከቸርች እየተመለሱ ነው፣ የልጆቹ ድምፅ ይሰማኛል። አሪየት እምቢ ካለች ልጆቹን እጃቸውን ይዤ አስገባለሁ፣ ትቀየመኝ። ማንኪያ ላውጣ።