ከነሆድ ዕቃቸው የሄዱ አራት ኮምፒውተሮች

ለተከበሩ አቶ አንሙት ገዱ
የከተማችን የአሮጌ ኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች አሰባሰብ አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ደባርቅ

ጉዳዩ፦ የታመነ ድርጅት ስለመረጡልን ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የወንበርዎ፣ የማኅተምዎና የፊርማዎስ ጤና እንዴት ነው? የደባርቅ ብርድ በቢሮዎ መስኮት እንዳይገባብዎ፣ ወገብዎንም እንዳያምዎ ከልብ እመኛለሁ። እንቅልፍዎም እንዳይጓደል እመኛለሁ፤ በዚህ ሰሞን እንቅልፍ ያጡ የከተማችን ሰዎች ብዙ ስለሆኑ ከእነርሱ እንደ አንዱ መቆጠር ለክብርዎ አይመጥንም።

እኔ ረህማ ሸሀቡ እባላለሁ። ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለችው የጽሕፈትና የኮፒ ቤቴ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሰው አቤቱታና ማመልከቻ ስጽፍ ኖሬአለሁ፤ «ለክቡርነትዎ» ብዬ ጀምሬ «ከታላቅ አክብሮት ጋር» ብዬ መጨረስ እንጀራዬ ነው። ለመንግሥት ቢሮዎች ከጻፍኳቸው ደብዳቤዎች ስንቱ መልስ እንዳገኘ ስለማውቅ፣ ይህኛውን ሕዝብ እንዲያነበው በግልጽ መጻፍ መርጫለሁ።

ባለፈው መስከረም፣ አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ነጋዴ ሁሉ እርስዎ ለመረጡት አስወጋጅ ድርጅት ካላስረከበና የማስወገጃ ሰርተፊኬት ካላቀረበ ንግድ ፈቃዱ እንደማይታደስ አስታወቁን። አሮጌ ዕቃ ሜዳ ላይ እንዳይጣል ማሰብ ደግ ሐሳብ ነው፤ ይህን ስል አልቀልድም። ቀልዱ የጀመረው ድርጅቱ ከተመረጠ በኋላ ነው። እንግዲህ አንድ ነጋዴ የታመነ አስወጋጅ እንዴት እንደሚመርጥ ከእርስዎ የተማርኩትን በተራ ቁጥር አስፍሬ ሳመሰግንዎት በትዕግሥት ያንብቡልኝ።

፩. የታመነ ድርጅት የት እንደሚሠራ አይጠየቅም። እኔ ግን ባላወቀ አፌ፣ ዕቃው ወዴት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚፈታው፣ በውስጡ ያለውን ጽሑፍ ማን እንደሚያጠፋው፣ ድርጅቱን የመረጠው ኮሚቴዎ ሄዶ አይቶ እንደሆነም ጠየቅሁ። ድርጅቱ ራሱ በመስታወት የተለበጠ የምስክር ወረቀት ይዞ ወደ ኮሚቴው ስለመጣ ኮሚቴው ወደ ድርጅቱ መሄድ እንዳላስፈለገው ተነገረኝ። ድርጅቱ ያለበት ዳባት በሚኒባስ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፤ ለእናንተ ግን ከሰሜን ተራራ ጫፍ የራቀ መሆኑን እረዳለሁ።

፪. ኮምፒውተሮቼን ከማስረከቤ በፊት ሃርድ ዲስኮቻቸውን፣ ማለትም የጻፍኩት ሁሉ የተቀመጠባቸውን ሆድ ዕቃ፣ ነቅዬ በመዶሻ ለመሰባበር በጽሑፍ ፈቃድ ጠይቄዎት ነበር። ፍርድ ቤት ደጃፍ የተቀመጠ ራፖር ጸሐፊ ኮምፒውተር ውስጥ ምን እንዳለ ለማንም አይጠፋም፤ የፍቺ ጥያቄ፣ የአባትነት ክስ፣ የወንድማማች የርስት ጠብ፣ ከአምባራስ በእግሩ ወርዶ የመጣ ሰው ለሚስቱም ለንስሐ አባቱም ሳይነግር ለእኔ ብቻ ያስጻፈው ጉድ ሁሉ እዚያ አለ። እርስዎ ግን በርክክብ ቅጹ ላይ «ዲስክ የሌለው ኮምፒውተር» የሚል ሣጥን ስለሌለ ዕቃው ሙሉ አካል ካልሆነ እንደማይመዘገብ ጽፈው መለሱልኝ። ቅጹ ላይ አንድ ሣጥን ከመጨመር የከተማውን ምስጢር አሳልፎ መስጠት ቀሎዎታል። እኔም የምችለውን ያህል ሰርዤ፣ የተሰረዘ ነገር እንደሚመለስ ሳላውቅ፣ ፈቃዴ እንዳይዘጋብኝ ፈርቼ አራቱንም በገዛ እጄ አስረከብኩ። ፈሪ ነበርኩ፤ እስከ ዛሬም በራሴ አፍራለሁ።

፫. «ዕቃው ሙሉ በሙሉ ተሰባብሮ ተወግዷል» የሚለው ሰርተፊኬት የደረሰኝ ጥቅምት ዘጠኝ ቀን ነው። መኪናው ኮምፒውተሮቼን ሊጭን የመጣው ጥቅምት አሥራ ሁለት ነው። ስለ ፍጥነትዎ አድናቆቴን እገልጻለሁ።

፬. ኅዳር ላይ፣ እናንተ ያልሄዳችሁበትን መንገድ ሄጄ የድርጅቱን ግቢ አየሁት። በቆርቆሮ አጥሩ ጓሮ ገመድ እያቃጠሉ መዳብ ይለቅማሉ፤ ጥቁሩ ጭስ ከጎን ባለው የገብስ ማሳ ላይ ይተኛል፤ ደህና የሚመስለው ኮምፒውተር ደግሞ በር ላይ ተደርድሮ ይሸጣል። ከአራቱ አንዱን ቢራራ የሚባል የዳባት ሞባይል ጠጋኝ ገዝቶት ኖሯል። የሰረዝኩትን መለሰ፤ ካነበበውም አንዱን ጽሑፍ ለሳቅ ብሎ ለጓደኞቹ በስልክ ላከ።

ከዚህ በኋላ ላለው ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም። የላከው የአንዲት ሴት የፍቺ አቤቱታ ነበር። ስሟን አልጽፍም፤ ለዚህ ያበቃት ስሟን እኔ መጻፌ ነውና ዓለምዬ ብዬ ልጥራት። ዓለምዬ ማንበብ አትችልም። ከሦስት ዓመት በፊት በገበያ ቀን መጥታ ባሏ የሚያደርስባትን አንድ በአንድ ነገረችኝ፤ ትንሿ ልጇ ትምህርት ቤት እስክትገባ ድረስ ግን አቤቱታውን እንዳላትመው ለመነችኝ። ያ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከዳባት ደባርቅ ለመድረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም፤ የደረሰውም ባሏ እጅ ነው። ክንዷ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ጎንደር ሐኪም ቤት ተኛች፤ ልጆቿ እሱ ዘንድ ቀሩ። ልጠይቃት ስሄድ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ «እህት ዓለም፣ አንቺን አምኜ እኮ ነው የተናገርሁ» አለችኝ።

ቢራራ ይህን በሰማ ማግስት ዲስኩን በጨርቅ ጠቅልሎ ሱቄ ድረስ አመጣልኝ፤ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። ለማፈር ኮሚቴ ማቋቋም አላስፈለገውም። የቀሩት ሦስቱ የት እንዳሉ እንዲያፈላልጉልኝ ግን እርስዎ ዘንድ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። በአራተኛው ቀን፣ በሰርተፊኬቱ መሠረት ኮምፒውተሮቹ ስለማይኖሩ፣ የሌለ ዕቃ ደግሞ ሊፈለግ ስለማይችል ፋይሉ መዘጋቱ ተገለጸልኝ። በእነዚያ ሦስት ዲስኮች ውስጥ ገና ክንዳቸው ያልተሰበረ ሴቶች አሉ፤ አንዳንዶቹ በየቀኑ ሱቄ መጥተው የእነርሱ የትኛው ላይ እንደነበር ይጠይቁኛል።

እንግዲህ ስላደረጉልን ሁሉ፣ ዕቃው ሳይጫን ስለሰጡን ሰርተፊኬት፣ ስለዘጉት ፋይልና በዚህ ሁሉ መካከል ስላልተጓደለው የምሳ ሰዓትዎ ምስጋናዬ እጅግ ከፍ ያለ ነው። ለማኅተምዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለወንበርዎም የማይነቃነቅ እግርን እየተመኘሁ፣ ከርክክብ ቅጽዎ ያነሰ ክብደት ካላቸው ነዋሪዎችዎ አንዷ መሆኔን በትሕትና አረጋግጣለሁ።

ረህማ ሸሀቡ
የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ባለቤት

ግልባጭ፦
ፈቃድ ለማሳደስ ለተሰለፋችሁ የደባርቅና የዳባት ነጋዴዎች በሙሉ፤ ዕቃችሁ የሚፈታበትን ግቢ በዐይናችሁ ሳታዩ፣ ዲስካችሁም እፊታችሁ ሳይሰባበር እንዳትፈርሙ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ክቡር ሆይ፣ የዛሬ አምስት ዓመት ግድም፣ ይህን ሹመት ሳያገኙ፣ አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሱቄ ገብተው በሩን ካዘጉኝ በኋላ ሁለት ገጽ አስጽፈውኛል። እኔ ከጻፍኩት አንዲት ቃል ከአፌ አይወጣም፤ ባለቤትዎ ወይዘሮ እሌኒም ከእኔ አይሰሙም። ጽሑፉ ያለው ካልተመለሱት ሦስት ዲስኮች በአንደኛው ላይ ነው። የትኛው ላይ እንደሆነ ስለማላስታውስ ሦስቱንም መፈለግ ግድ ይሆንብዎታል።