ፊርማዬ ያለበት የድምፅ መለኪያ

ለተወደድሽው የበኩር ልጄ፤

ብዕር ያነሣሁበት ምክንያት አንድ ነው፦ ወንድምሽ መስማት እየተሳነው ነው፤ ለዚህም ያበቃው የእኔ ፊርማ ነው። ይህን ያስቀደምሁት ሰላምታው ሲረዝም ድፍረቴ እንዳያጥር ሰግቼ ነው።

እንግዲህ የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረስሽ። ለመሆኑ ጤናሽ እንዴት ነው? ትኩሳቱ ለቀቀሽ ወይ? ባለቤትሽስ ወገቡ ተሻለው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ባለፈው ደብዳቤሽ አራት ነጥብ በሁለት ቦታ ዘለሽ ነበር፤ ዛሬ ግን እርሱን የምናገርበት ልብ የለኝም።

እንደምታውቂው ወንድምሽ በመኪና ውስጥ ስፒከርና ቤዝ መግጠም ከጀመረ ወዲህ፣ «ይህ ከጎረቤት ጋር መጣያ እንጂ ሥራ አይደለም» ስለው ኖሬአለሁ። ሆኖም ጡረታ የወጣ የሚዛንና የመለኪያ ተቆጣጣሪ ቤት ሲውል እጁን ይበላዋልና፣ የድምፅ ግፊት መለኪያዎቹን የምፈትሽለት እኔው ሆንሁ። አሠራሬ እንዲህ ነበር፦ ቀጭን ድምፅ የምታወጣ ትንሽ መፈተሻ በመለኪያው ማይክሮፎን ላይ እገጥማለሁ፤ ዘጠና አራት ዴሲቤል ካሳየ «ትክክል ነው» የሚል ወረቀት ለጥፌ እፈርምበታለሁ። ለወንድምሽም ሕግ አወጣሁለት፦ ቁጥሩ ከዘጠና በታች ሲሆን መኪናው ውስጥ ተቀመጥ፤ ዘጠና ከደረሰ ውጣ። እርሱም ቃሌን አክብሮ፣ በሮቹን ዘግቶ፣ ዓይኑን ከቁጥሩ ሳይነቅል አምስት ወር ሙሉ ተቀመጠ።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ የታክሲ ነጂ የራሱን መለኪያ ይዞ መጣ። ሁለቱን በአንድ መኪና ውስጥ ጎን ለጎን አስቀምጠን፣ ዘፈን ከፍተን፣ በሩን ዘግተን ከውጭ ተመለከትን። የእኛው ሰማንያ ዘጠኝ አለ፤ የእርሱ መቶ ዐሥራ ስምንት። እኔም ሳላመነታ የሰውየውን መለኪያ ውሸታም አልሁት። ነጂው ስቆ፣ «አባባ፣ መስታወቱ ሲንቀጠቀጥ አያዩም እንዴ? ይኼ ሰማንያ ዘጠኝ ከሆነማ የኔ ሚስት ዲዳ ናት» አለኝ።

ነጂው ከሄደ በኋላ መለኪያችንን ገልብጬ አየሁት። ከጀርባው ሁለት ቦታ ላይ የሚቆም ትንሽ መቀየሪያ አለ። በአንደኛው ቦታ፣ የሰው ጆሮ ወፍራሙን ድምፅ አሳንሶ እንደሚሰማ ሁሉ መሣሪያውም አሳንሶ ይቆጥራል፤ በሁለተኛው ግን ግፊቱን እንዳለ ይናገራል። የቤዝ ድምፅ ደግሞ እጅግ ወፍራም ነው። «ለሰው ጆሮ» የሚለውን ጽሑፍ ወድጄ በመጀመሪያው ላይ ያቆምሁት ራሴ ነኝ። የእኔ መፈተሻ ድምፁ ቀጭን ስለ ሆነ በሁለቱም ቦታ ዘጠና አራት ይላል፤ ስሕተቴንም ሸሸገልኝ። ያንኑ ዘፈን አስከፍቼ መቀየሪያውን ገፋ ባደርገው፣ መቶ ዐሥራ ሰባት አለ። ዘፈኑን አስጠፋሁት።

ለወንድምሽ ወዲያው ነገርሁት። «አባዬ፣ አምስት ወር ሙሉ ያልተሳሳቱ ሰው ዛሬ ተሳሳቱ? ሥራውን እንድተው ብለው ነው አይደል?» ብሎ ሳቀ። ፊርማዬን ከመለኪያው ላይ ቀደድሁት። በማግሥቱ በፕላስተር ተጣብቆ አገኘሁት። «የአባቴን ፊርማ የማያምን የለም» እያለ የማን መኪና ድምፅ እንደሚበልጥ ለሚለካበት ውድድር አዘጋጅቶታል። ውድድሩ የካቲት ሃያ ሁለት ነው፤ በሩን ዘግቶ ድምፁን ከውስጥ የሚከፍተው እርሱ ነው።

ልጄ፣ ፈርቻለሁ። ባለፈው እሑድ በስልክ ትኩሳቱ አልለቀቀኝም ስትዪው «እሰይ! እሰይ!» ያለሽ ጨክኖ አይደለም፤ አልሰማሽም። ምራቴ ስትጠራው ዝም ስለሚላት «ማኩረፍ ጀምሯል» ትላለች። ከሁሉ ያስደነገጠችኝ ግን ትንሿ ልጁ ናት። የሦስት ዓመት ሕፃን አባቷን በስሙም በ«አባ»ም መጥራት ትታለች። መጀመሪያ ሱሪውን ትጎትታለች፤ ፊቱን ሲያዞርላት ብቻ ትናገራለች። ማንም አላስተማራትም።

አንቺ በሆስፒታል የሰው ጆሮ ስትመረምሪ የምትውዪ ነሽ። እኔን ባያምን እትዬውን ያምናል። ስለዚህ በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ፣ ከውድድሩ መኪና ውስጥ እንዳይገባና ጆሮውን እንዲታይ ዘርዝረሽ ጻፊለት። በሌላ ወረቀት ደግሞ ለእኔ ብቻ ንገሪኝ፦ የሄደ መስማት ይመለሳል ወይ? እውነቱን ጻፊ፤ አታባብዪኝ።

ባለቤትሽን ወገቡን ከብርድ እንዲጠብቅ አባቴ አዞሃል በዪልኝ። አማትሽን እጅ ነሥቻለሁ። መንታዎቹን ግንባራቸውን ሳሚልኝ፤ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ባላውቅም ሁለቱንም እኩል። ምራቴ ይህን መጻፌን አታውቅም እንጂ ብታውቅ ሰላምታዋ ከእኔው በረዘመ።

መልስሽ እስከ የካቲት ዐሥራ ስምንት በእጄ ይግባ። ነጥቡንም ሰረዙንም ተዪው፤ አላርምሽም፤ ብቻ ጻፊ።

አባትሽ

ከወርክሾፑ በላይ ካለችው ክፍል፣ ጥር ሃያ ስድስት ቀን