ከጓዳ የመጣው ዘፈን

ጥር 19 ቀን 1994 ዓ.ም፣ ፍኖተ ሰላም

ዛሬ ጠዋት ከቡሬ ሦስት ሽማግሌዎች እኔን ለትዳር ለመጠየቅ መጡ። አባዬ ገና በማለዳ ታላቅ ወንድሜን ጌትነትን ጓዳ አስገብተው ከውጭ ቀርቅረውበት ነበር። አእምሮውን እንደሚያመው ከታወቀ “በዘራቸው አለ” ይባልና የሚያገባኝ አይገኝም፤ ፍርሃታቸው ይኸው ነው።

ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ አንቀመጥም ብለው ቆመው ጉዳያቸውን ሲናገሩ ጌትነት መዝፈን ጀመረ። ያቺኑ ዘፈን። አፍቃሪው ደጅ ቆሞ “ክፈቺልኝ” እያለ የሚለማመጥባትን። ሰው ሁሉ በየሰርጉ ይጨፍርባታል። እኔ ግን እሱ ላይ መቆለፍ ከተጀመረ ወዲህ ስሰማት ትከሻዬ እሺ አይለኝም።

“ግሩም ድምፅ ነው። ማነው?” አሉ አንደኛው።

“ቴፕ ነው” አሉ አባዬ።

ቴፑ ጠረጴዛው ላይ፣ እፊታቸው፣ ጠፍቶ ተቀምጧል።

የጠላውን ማንቆርቆሪያ መሬት አስቀመጥኩት። “ቴፕ አይደለም አባቶቼ፣ ወንድሜ ነው። ያመዋል። ዘር የምትቆጥሩ ከሆነ እሱንም ቁጠሩት” አልኩና ሄጄ ከፈትኩለት።

ጌትነት ወጥቶ የሦስቱንም ጉልበት ሳመ። “ምነው ቆማችሁ? ተቀመጡ እንጂ” አላቸው።

አልተቀመጡም። “ተመካክረን እንመለሳለን” ብለው ወጡ።

ባይመለሱ ይቅር። ቢመለሱም የሚቀበላቸው ጌትነት ነው። የጓዳው መቀርቀሪያ የወይራ እንጨት ነበር፤ ፈልጬ የምሳውን ሽሮ አበሰልኩበት። አባዬ እስካሁን አላናገሩኝም። ሽሮውን ግን በልተዋል።