ጥልፉ ከጀርባ ነው

ልጄ፣ እግርሽ የረገጠው ሁሉ ይለምልምልሽ፤ ያየሽ ሁሉ ይውደድሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ወገቤ ብቻ አላስቀምጥ ብሎኛል።

የአካባቢያችን ጥልፍ በኮት ላይ ተሠርቶ የሚታይበት የሰፈር ትርኢት ትናንት አዳራሹ ውስጥ ተደረገ። አክስትሽ ኮቶቹን ሰፋች፤ ስንት ወር ሙሉ የጠለፍኩት እኔ ነኝ። እንደምታውቂው የኛ ጥልፍ ከጀርባ ነው፤ ለሸኚ ዓይን ተብሎ የሚሠራ። ልብስ አሳዮቹ ልጆች ግን መድረኩ ጫፍ ድረስ መጡና ፊታቸውን ወደኛ እንዳደረጉ የኋሊት ተመለሱ! ለካ አስተባባሪዋ «ለታላላቆች ጀርባ አይሰጥም» ብላቸው ኖሯል።

ሰዉ የለፋሁበትን ሳያይ ሊሄድ ነው። አላስችል አለኝና ተነስቼ «ኧረ ዙሩ፣ እናንተ ልጆች!» ብዬ ጮህኩ። አክስትሽ ቀሚሴን እየጎተተች «ኧረ ቁጭ በይ፣ አታዋርጂን!» ትለኛለች። ዞሩ፤ ጭብጨባው ቀለጠ። እኔ ግን ድካሙም ነው መሰለኝ እንባዬ መጣ። የታየኝ ያንቺ ጀርባ ነበር፤ የሠራሁልሽን ኮት ለብሰሽ የኤርፖርቱን በር ስታልፊ።

በስልክ የማየው ፊትሽን ብቻ ነው፤ እሱም እኔ እንዳልጨነቅ ይስቃል። ስትደውዪ ኮቱን ልበሺና አንዴ ዙሪልኝ። መክሳትሽን ከትከሻሽ አውቀዋለሁ።

ከፊትም ከኋላም ይጠብቅሽ።

እናትሽ