ገለባው ወጣ ወይ?

ለእህቴ ለስንዱ፣ ካለሽበት ሩቅ አገር የዳባት ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔም አባዬም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ገብሱ አሽቷል፤ ላሚቱም ወልዳለች።

አምና ስለ ሥራሽ የጻፍሽልንን ዛሬም አነበብኩት። ጋዝ ለማውጣት ጉድጓድ ከመሬት በታች አግድም ቆፍረው ድፍኑን አለት እንደሚሰነጥቁት፣ አንቺም ጋዙ በስንጥቁ እንዴት እንደሚፈስ በኮምፒውተር እንደምታሰዪ። ያኔ ለአባዬ ሳነብላቸው «ይኼማ የእኛው ምንጭ ነው!» ብለው ስቀው ነበር።

ትዝ ይልሻል? ክረምቱ ሲወጣ የምንጩ መንገድ እንዳልተደፈነ ለማወቅ፣ አባዬ ከላይ በገደሉ ስንጥቅ በሚገባው ውሃ ላይ ገለባ ይለቁ ነበር። አንቺ ከታች ምንጩ አፍ ላይ ትጠብቂያለሽ። «ስንዱ፣ ወጣ?» ሲሉ «ወጣ አባዬ!» የምትይው ድምፅሽ እስከ ቤት ይሰማል።

ሰሞኑን አባዬ በየቀኑ እዚያ ይወጣሉ። ገለባውን ለቀው «ስንዱ፣ ወጣ?» ይላሉ። መልስ ካልሰሙ ቤት አይገቡም። ስለዚህ እኔ ጢማሙ ወንድምሽ ከታች ተደብቄ፣ ድምፄን አቅጥኜ «ወጣ አባዬ!» እላለሁ። ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ፤ ምሳ ሲቀርብም ያንቺን ድርሻ ያስቀምጣሉ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ አልቀጥን ብሏል። «ወጣ አባዬ» ብለሽ በስልክ ቀድተሽ ላኪልኝ። እንደ ድሮው ጮክ በይ።

በሰላም ያገናኘን።
ወንድምሽ ያርጋል