ስለ አንድ የግል ወንበርና ስለ አንድ የግል ድልድይ

ይድረስ ለተከበሩ የከተማችን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? በየጉባኤው ከሚጨበጨብልዎት ብዛት የተነሳ ጆሮዎ ደህና እንዲሆንልኝ እየተመኘሁ፣ ከወንዝ ማዶ ጨርቃ ጨርቅ የምሸጥ ኢልሃም ኸይረዲን፣ ከዲላ ብዙም በማትርቀውና ለክብሯ ስል ስሟን በማልጠራት ከተማችን ስም ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

እንደሚያስታውሱት፣ ባለፈው ምርጫ የማዶ ሰፈር ሰዎች ጡረታ የወጡትን የሒሳብ መምህር ባርናባስን መረጥን። መምህሩ ፓርቲ የላቸውም፤ የተወዳደሩት በግል ነው። የላክናቸውም ለአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጎርፍ የወሰደውን የእግረኛ ድልድይ እንዲያስመልሱልን። ልጄ ሒባ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወንዙን አቋርጣ ትምህርት ቤት ስትሄድ፣ ወዲያኛው ዳር ወጥታ እስካያት ድረስ ሱቄን አልከፍትም ነበር።

ጽሕፈት ቤትዎ «የግል» የሚለውን ቃል የተረዳበት ጥልቀት ግን ተዘርዝሮ ሊመሰገን ይገባዋል።

1. መምህሩ የአባልነት መታወቂያ ሊያወጡ ሲሄዱ፣ የግል ከሆኑ የንግድ ፈቃድ እንዲያቀርቡ በትሕትና ተጠየቁ። የምሸጠው ነገር የለኝም ቢሉ፣ ታዲያ ምክር ቤት ምን ሊሠሩ ገቡ ተባሉ።

2. ወንበሮቹ በሙሉ ለፓርቲ ስለተደለደሉ፣ የግል ተመራጭ የግል ወንበር ይዘው እንዲመጡ ተወሰነ። መምህሩም በየጉባኤው ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበራቸውን በሰፈራችን ልጅ በሙንተሲር ባጃጅ ጭነው ይመጣሉ። ሙንተሲር ወንበሩን እንደ አንድ ተሳፋሪ ቆጥሮ ቢያስከፍልም አልፈርድበትም፤ ቦታ ይዞ ምንም የማይናገር አባል ለምክር ቤትዎ እንግዳ አይደለም።

3. ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ቡድኖች ለየብቻቸው ይምከሩ በተባለ ጊዜ፣ መምህሩ ግቢው ውስጥ ካለው የአቮካዶ ዛፍ ሥር ሆነው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ከራሳቸው ጋር መከሩ። ቃለ ጉባኤውን ሰብሳቢውና ጸሐፊው ይፈርሙበት ስለተባለም ሁለቴ ፈረሙ። ፊርማዎቹ ተመሳሰሉ ተብሎ ተመለሰባቸው። ያም ሆኖ በምክር ቤትዎ ውስጥ ሁለት የተለያየ ሐሳብ የተሰማበት ምክክር እሱ ብቻ ነው ይባላል።

4. በመጨረሻ ስለ ድልድዩ ተናገሩ። ቃለ ጉባኤው እንዲህ ይላል፦ «የተከበሩ አባል የግል ጉዳያቸውን አቅርበዋል፤ ወደሚቀጥለው አጀንዳ ተሻግረናል።» ያለ ድልድይ የተሻገራችሁበትን ዘዴ ለሒባም ብታስተምሯት ኖሮ ባለውለታችሁ በሆንኩ።

ስላላስተማራችኋት፣ ቃላችሁን አክብረን ድልድዩን በግል ሠራነው። አንዱ ግንድ፣ አንዱ ሚስማር፣ አንዱ ጉልበቱን አመጣ። መምህሩ ወንዙ ዳር ሰማያዊ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ርዝመቱን አሰሉ፤ ያ ወንበር ሥራ ሲሠራ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሰኞ ጠዋት ሒባ ጫማዋን እንደተጫማች ተሻገረች፤ እኔም ሱቄን በሰዓቱ ከፍቼ፣ አልዋሽዎትም፣ ከባንኮኒው ጀርባ አለቀስኩ።

በዚያው ሳምንት ምክር ቤትዎ ድልድዩን በዓመቱ ካስገነባቸው ሥራዎች አንዱ አድርጎ በሪፖርቱ እንዳካተተውና እርስዎም በመጪው ቅዳሜ መጥተው እንደሚመርቁት ሰማን። በግል የተወለደ ልጅ ሲያድግ አባት እንደማያጣ በማወቃችን ተጽናንተናል።

የምክር ቤትዎ እገዛ ከዚህ በላይ እንዳይደርሰን አጥብቄ እየተማጸንኩ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ።

ኢልሃም ኸይረዲን
(በግሌ)

ግልባጭ፦
ለመምህር ባርናባስ ሰማያዊ ወንበር፣ ከግል ማኅደሩ ጋር እንዲያያዝ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለቅዳሜው ምረቃ ሪባኑን ከሱቄ በደስታ አዘጋጃለሁ። መቀሱን ግን ከምክር ቤቱ ይዘው እንዲመጡ በትሕትና እጠይቃለሁ፤ የኛው መቀስ የግል ነው።